ግራው ባስ፣ ቀኙ ጊታር፦ «ላይቭ አት ሊድስ»ን ከከተማ ዳር ማዳመጥ

አንድ ሰው የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዘ ሁ የመድረክ ቀረጻ አልበም የሆነው «ላይቭ አት ሊድስ» ጩኸት ብቻ ነው፣ አልገባኝም ካለ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በምን እንዳዳመጠው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። በስልኩ ስፒከር፣ ታክሲ ውስጥ በአንድ ጆሮው ብቻ በሰካው ኢርፎን፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጣት አንዲት ብሉቱዝ ስፒከር። ለብዙ ዘፈን ይህ ያን ያህል አይከፋም። ይህን አልበም እንዲህ ማዳመጥ ግን ግማሹን ባንድ ከቤት አስወጥቶ በር እንደመዝጋት ነው።

ነገሩ የጣዕም ሳይሆን የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ይህ ሲቀረጽ ዘ ሁ ባለ አራት ሰው ባንድ ነበር፤ ሮጀር ዳልትሪ ይዘፍን ነበር፣ ፒት ታውንሸንድ ጊታር ይጫወት ነበር፣ ጆን ኤንትዊስል ባስ፣ ኪዝ ሙን ድራም። ኪቦርድ አልነበረም፣ ሁለተኛ ጊታር አልነበረም። አልበሙ ሲቀናበር ባሱ ወደ ግራ፣ ጊታሩ ወደ ቀኝ ተደረገ፤ ድምፃዊውና ድራሙ መሀል ቀሩ። ስለዚህ የግራውን ጆሮ ብቻ የሰካ ሰው ጊታሩ አያገኘውም፤ የቀኙን ብቻ የሰካ ደግሞ ባስ የሌለው ባንድ ይሰማል። ሁለቱንም አንድ ላይ ጨፍልቃ የምታወጣ ነጠላ ስፒከር ሌላ ጥፋት ታጠፋለች። የኤንትዊስል ባስ እንደ ሌላው ባስ ከታች ሆኖ የሚያጉረመርም አይደለም፤ ከጊታሩ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ የሚከራከር ነው። ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ሲከምሯቸው ይሸፋፈናሉ፣ የሚተርፈውም ያው ጩኸት የተባለው ነው።

ቀረጻው የተካሄደው የካቲት 7 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970)፣ ቅዳሜ ማታ፣ እንግሊዝ አገር ሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስታዲየም አይደለም፣ ቴአትር ቤትም አይደለም፤ ተማሪ ሳህን ይዞ የሚሰለፍበት ቤት ነው። ከዚያ በፊት ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ሲዞር ብዙ ዝግጅቶች ተቀርጸው ነበር። ቴፖቹን ሁሉ ተቀምጦ አዳምጦ መምረጥ የማይቻል ሲሆንበት ታውንሸንድ እንዲቃጠሉ አዘዘ። በምትኩ ሁለት ምሽት ተያዘ፤ ሊድስ፣ በማግስቱ ደግሞ ሃል የምትባለው ከተማ። ባለ 8 ትራክ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ተከራዩ፣ ቀረጹ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 1970 ስድስት ዘፈን የያዘ፣ 38 ደቂቃ የማይሞላ ሸክላ ወጣ። ሽፋኑ ቡናማ ካርቶን ነው፤ ስሙ እንደ ቀበሌ ማህተም ተመትቶበታል። በዚያን ጊዜ በስርቆት ተቀድተው የሚሸጡ ሸክላዎች እንዲህ ስለነበሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ፌዝ ነው። በካሴት ዘመን ተባዝቶ ሲሸጥ የነበረ ኮፒ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ቀልዱ አይጠፋውም።

ሸክላው መሀል ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ፣ መንጣጣቱ ችግር የለውም፣ እንዳታስተካክሉ የሚል ማሳሰቢያ አለ። ማሳሰቢያው ለማተሚያ ቤት ሠራተኞች ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን አድማጩን ነው። በቀረጻው ላይ ከገመድ የመጣ ጣ ጣ የሚል ድምፅ ነበረ፣ ታውንሸንድም ተወው። እንግዲህ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቁጭ ብሎ ይህን የሚያዳምጥ ሰው ሁለት ዓይነት ጫጫታ በአንድ ላይ ይመጣበታል፤ የሊድሱና የራሱ ቤት። የሊድሱን ለመውደድ የቤቱን ማጥፋት ግድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

መንጣጣቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ሲንጣጣ ሰዓቱን በደቂቃና በሰከንድ ያዙ፣ ትንሽ ወደኋላ መልሳችሁ እንደገና አጫውቱ። እዚያው ሰከንድ ላይ ከተደገመ ከቀረጻው ነው፣ ተዉት። ቦታውን ከቀየረ የእናንተ ነው። ያኔ ዘፈኑ እየሄደ ጃኩን (የድምፅ ገመዱን መሰኪያ) በቀስታ አዙሩት፤ ከመዞሩ ጋር አብሮ የሚንጣጣ ከሆነ ወይ ጃኩ ቆሽሿል ወይ ገመዱ ከአንገቱ ላይ ሊበጠስ ነው። የሚንጣጣው የድምፅ ማዞሪያው ሲነካ ብቻ ከሆነ ውስጡ አቧራ ገብቷል። ከተማ ዳር ደግሞ አቧራ አይጠፋም፤ ኮረኮንቹ መንገድ ከመስኮት ስር ነው። አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ከሶኬት ነቅሎ ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ ማመላለስ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ካልበቃው ለኤሌክትሪክ ዕቃ የተሠራ ማጽጃ ስፕሬይ ጠብታ ያህል። ለበር ማጠፊያ የሚነፋውን የዘይት ስፕሬይ ግን አደራ፤ ለሳምንት ያስተካክልና ከዚያ አቧራውን ራሱ ይሰበስባል።

እምም የሚለው የማያቋርጥ ድምፅ ሌላ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ እምምታው ከዚያ ወይም ከእጥፉ፣ ከ100 ኸርዝ፣ ይመጣል። ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሆኖ ከአምፕ ጋር ሲገናኝ በብዛት ይከሰታል። ቻርጀሩን ንቀሉ። ጸጥ ካለ ችግሩ የምድር መስመሩ ነው፤ ሁለቱ ዕቃዎች በተለያየ ሶኬት ወደ መሬት ስለሚሄዱ ልዩነቱ በድምፅ ገመዱ ላይ ይዞራል። ሁለቱንም አንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ካልሆነ በባትሪ ማጫወት ነው፤ አልበሙ 38 ደቂቃ ስለማይሞላ ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል። የምድሩን እግር ከሶኬት መሰኪያው ላይ ቆርጦ መጣል እምምታውን ያጠፋል፣ ሰውንም ሊያጠፋ ይችላል። በአንዳንድ ሕንፃ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ሳለ ሦስተኛው የትም አልተያያዘም፤ የአምፑ ብረት ሲነካ ውርር ካደረጋችሁ ከሙዚቃው በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ሌላው የሰፈር ጉዳይ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በአንድ ደረጃ ላይ ሁለት ሦስት ቤት አብሮ ሲጋግር አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ ርካሽ አምፕም ድምፁ ከፍ ሲል መሰባበር ይጀምራል። ሰው የታውንሸንድ ጊታር ነው ብሎ ያልፈዋል። መለያው ይህ ነው፤ የጊታሩ ሸካራነት በቀኝ ብቻ ነው። የዳልትሪ ድምፅና የድራሙ ጠርዝም አብረው ከተሰባበሩ አምፑ ነው የተቸገረው። ድምፁን ሩብ ያህል ቀንሱ ወይም ጋገራው እስኪያልቅ ጠብቁ። መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር ለሚሄድ ደግሞ፣ ርካሾቹ ኢንቨርተሮች የሚሰጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ እዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ ይጨምራሉ። ያኔ ስልክና ጥሩ ኢርፎን ይሻላል።

ስለ ኢርፎን ካነሳን አንድ ብልሽት ለዚህ አልበም ልዩ ነው። የኢርፎን ገመድ ውስጥ ለሁለቱም ጆሮ የጋራ የሆነ መመለሻ ሽቦ አለ። እሱ ጃኩ አጠገብ ሲበጠስ ድምፅ አይጠፋም፤ በሁለቱም ጆሮ የሚሰማው የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ይሆናል። መሀል ያለው ነገር ሁሉ ይሰረዛል። በሌላ አልበም ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። እዚህ ግን ዳልትሪና ሙን ይደበዝዛሉ፣ ባሱና ጊታሩ ይቀራሉ፤ አልበሙን የማያውቅ ሰው ቅጂው እንዲህ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ጃኩን ግማሽ ያህል ወደ ውጭ ሲስቡት ተመሳሳይ ነገር ይሰማል። ዘፋኙ ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ጃኩን እስከመጨረሻው ግፉት፤ ካልተመለሰ ገመዱ ወይ ይበየዳል ወይ ይጣላል።

ስልኩ ላይ ደግሞ ተደራሽነት በሚለው ማስተካከያ ውስጥ ግራና ቀኙን አንድ ላይ የሚጨፈልቅ፣ ሞኖ ኦዲዮ የሚል አለ። አንድ ጊዜ ሳይታወቅ ከተነካ ዓመት ሙሉ በርቶ ይቀመጣል። አጥፉት። ባስ ቡስት የሚባለውንም እንዲሁ። ዘፈን ሲያልቅ ቀጣዩን አለሳልሶ የሚያስገባው ክሮስፌድም ይጥፋ፤ በዘፈኖቹ መካከል ያለው የአዳራሽ ጫጫታ የአልበሙ አካል ነው።

ወደ ክፍሉ እንግባ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ስፒከሮች የሚቀመጡበት ቦታ ይታወቃል፤ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ተጣብቀው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር በታች ከሆነና አድማጩ ሦስት ሜትር ርቆ ሶፋው ላይ ከተቀመጠ ግራና ቀኝ የለም። ርቀታቸውን ወደ 1 ሜትር ተኩል ወይም 2 ሜትር አስፉት፣ እናንተም ከእያንዳንዳቸው በዚያው ርቀት ላይ ተቀመጡ፤ ሦስት ማዕዘን ይሥራ። ከግድግዳው ቢያንስ ሠላሳ ሴንቲሜትር ይራቁ። ማዕዘን ውስጥ የተወሸቀ ስፒከር ባሱን ያብጠዋል፤ የኤንትዊስልን ደግሞ ማሳበጥ ማለት ማደንዘዝ ነው፣ ጥፍር ያለው ድምፅ ነውና። የብሎኬት ግድግዳ ድምፁን ያስተጋባል፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ይረዳል፣ ባዶ ግድግዳ ፊት ለፊት ካለ ብርድ ልብስም ይሰቀል። ከስፒከሩ ስር ወፍራም ስፖንጅ ማድረግ ለጎረቤት ነው፤ ባስ በወለሉ በኩል ነው ወደ ታች የሚወርደው።

ብዙ ቤት ያለው አንድ ትልቅ የባስ ሳጥንና ሁለት ትንንሽ ስፒከር ያለው ሆም ቴአትር ነው። እሱ ታችኛውን ድምፅ ከግራም ከቀኝም ሰብስቦ ወደ ሳጥኑ ይልከዋል፤ ስለዚህ የባሱ ግማሽ አካል ከግራ ይወሰዳል። ሳጥኑን ከግራው ስፒከር አጠገብ አስቀምጡት፣ ማዞሪያውንም ከለመዳችሁት በግማሽ ዝቅ አድርጉት። ቀላል ማጭበርበሪያ ነው፣ ግን ይሠራል።

ሰዓት መምረጥም ያስፈልጋል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የሚኖር ሰው ይህን አልበም ባይሞክረው ይሻላል። የሰፈሩ ጄኔሬተር ሲነሳም እንዲሁ። ለገጣፎ አካባቢ ማታው ጸጥ ይላል፣ ውሾቹን ሳንቆጥር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በስፒከር አይሆንም፤ ጎረቤት ጎረቤት ነው። የድምፁ መጠን፣ ክፍሉ ውስጥ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅን ትንሽ ማንሳት እስኪያስፈልግ ድረስ ይሁን። ከዚያ በታች የሙን ድራም ወደ ማንኳኳት ይወርዳል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፣ በተለይ በኢርፎን። ታውንሸንድ ራሱ በመስማት ጉዳትና በማያቋርጥ የጆሮ ጩኸት ሲቸገር ኖሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለ90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ «ያንግ ማን ብሉዝ»ን ክፈቱ። ዘፈኑ የሞዝ አሊሰን ነው፣ ለስለስ ያለ አጭር የፒያኖ ብሉዝ። ዘ ሁ ወደ ቡጢ ለወጠው። ዳልትሪ አንድ ስንኝ ብቻውን ይላል፣ ባንዱ ይመልሳል፣ ይቆማል። እንደገና ብቻውን፣ እንደገና መልስ። በነዚያ መቆሚያዎች ውስጥ ነው አዳራሹ የሚሰማው። ሙዚቃው ተቆርጦ የማጉያዎቹ ትንፋሽ ይቀራል፣ ከዚያ ሦስቱም በአንድ ላይ ይወድቃሉ። የቤታችሁ እምምታ ካልጠፋ ይህን ትንፋሽ አትለዩትም፤ መቆሚያው ሁሉ ባዶ ሳይሆን ቆሻሻ ይሆናል። እኔ በግሌ የአልበሙ ትልቁ ነገር ጩኸቱ ሳይሆን ይህ መቆም ይመስለኛል።

ጊታሩ ብቻውን ሲወጣ ግራውን አዳምጡ። ሁለተኛ ጊታር ስለሌለ ታውንሸንድ ወደ ነጠላ ኖታ ሲሄድ ከስሩ የሚይዘው ሰው የለም፤ ኤንትዊስል ነው በፈጣን ሩጫ ቦታውን የሚሞላው። ሙን ደግሞ ሌላ ድራመር በሃይሃት (በእግር በሚገጠሙት ጥንድ ሳህኖች) ጊዜ የሚቆጥርበትን ቦታ በቶም ከበሮዎችና በሲምባል ይሸፍነዋል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ መሪ ናቸው፣ ጊዜውን የሚጠብቅ የለም ማለት ይቻላል፣ ግን አይበተንም። ለምን እንደማይበተን ለማወቅ አንድ ጊዜ በግራ ጆሮ ብቻ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ብቻ፣ ከዚያ በሁለቱም ማዳመጥ ጥሩ ልምምድ ነው።

የጊታር ሩጫዎቹ ለእኛ ጆሮ ያን ያህል ባዕድ አይደሉም። ብሉዙ የቆመበት ባለ አምስት ድምፅ ማይነር፣ ከባቲ ማይነር ጋር አምስቱም ድምፅ አንድ ነው። ክራር በዚያ ቅኝት የቃኘ ሰው ኖታዎቹን ተከትሎ ሊመታቸው ይችላል። የሚለየው አያያዙ ነው፤ እዚህ ክሩ በጣት ይጎተታል፣ ድምፁም በሁለት ኖታ መካከል ይንጠለጠላል። ከምቱ ጋር መላመድ ግን ጊዜ ይወስዳል። ችክችካ የለመደ ትከሻ የሚገባበትን ቦታ ሲፈልግ ሙን አንድ ቦታ ላይ አይቆይለትም።

«ሰብስቲትዩት» አጭር ነው፣ ያልፋል። «ሰመርታይም ብሉዝ» የኤዲ ኮክራን ነው፤ የአለቃውንና የአባትየውን መልስ በወፍራም ድምፅ የሚናገረው ኤንትዊስል ነው። «ሼኪን ኦል ኦቨር» የጆኒ ኪድ። ሁለተኛው ገጽ በ«ማይ ጀነሬሽን» ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1965 በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ዘፈን ነበር፣ እዚህ ከ14 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። የታወቀው ክፍል ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያ «ቶሚ» ከሚባለው ሥራቸው ቁርጥራጭ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሌላ ዜማ ይነሳል። አንድ ቦታ ላይ ታውንሸንድ አጭር ሐረግ ይመታና ዝም ይላል፤ ከአዳራሹ ጀርባ ግድግዳ የሚመለሰውን ማሚቶ እየሰማ ነው ቀጣዩን የሚወረውረው። ክፍላችሁ ራሱ የሚያስተጋባ ከሆነ ይህ ማሚቶ ከቤታችሁ ማሚቶ ጋር ይደባለቃል። መጋረጃው ለዚህ ነበር። ከዚያ «ማጂክ ባስ» (ባሱ እዚህ አውቶቡስ ነው) በእንጨት ምት ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ዳልትሪ ሃርሞኒካ ይጨምርበታል።

አንድ ነገር መደበቅ ተገቢ አይደለም። አልበሙ ሁሉም ነገር ጥሬ ነው ተብሎ ይወራል፤ አጃቢ ድምፆቹ ግን በምሽቱ በደንብ ስላልተያዙ ታውንሸንድና ኤንትዊስል በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ደግመው ዘፍነዋቸዋል። ይህ ለእኔ አልበሙን አያሳንሰውም፤ መሣሪያዎቹ የሚሠሩት ሥራ ላይ አልተነካም።

የትኛውን ቅጂ? ፋይላችሁ በ«ያንግ ማን ብሉዝ» ጀምሮ በስድስት ዘፈን ካለቀ እ.ኤ.አ. የ1970ው ቅደም ተከተል ነው። በኤንትዊስል «ሄቨን ኤንድ ሄል» ከጀመረና 14 ዘፈን ከያዘ እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ነው፤ እሱ ላይ መንጣጣቱ በዲጂታል ተጠርጓል። እ.ኤ.አ. የ2001ዱ ባለ ሁለት ዲስክ ሲሆን «ቶሚ»ንም ያመጣል። ብዙዎች ረጅሙን ይመርጣሉ፣ ምሽቱ ሙሉ አለና። እኔ ለጀማሪ ስድስቱን ነው የምሰጠው። የተመረጠ ነው፣ አያደክምም፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ ረጅሙ ሊድስን አስቀድሞ ለወደደ ሰው ነው።

ለዳታ ጥቅል የሚያስብ ሰው ይህን ያህል ያስብ፦ ስድስቱ ዘፈኖች በ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ 90 ሜጋባይት አካባቢ፣ በ128 ከ40 በታች፣ ምንም በማይቀንሰው ፍላክ 200 እና ከዚያ በላይ። በ128 የመጀመሪያ ተጎጂው የሙን ሲምባል ነው፤ ሳያቋርጥ ስለሚመታው መጭመቂያው አይደርስበትም፣ ሺሺሺ እያለ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ከዩቲዩብ ወርዶ 320 ተብሎ የተሰየመ ፋይል ስሙ እንጂ ድምፁ አያድግም፤ ሙዚቃ ቤት ሜሞሪ የሚያስሞላ ሰው ፋይሉ ከምን እንደመጣ ይጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው እትም የማግስቱን የሃል ምሽትም ጨመረ። በሃል ቀረጻ የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች ላይ ባሱ ቴፑ ላይ አልገባም ነበር፣ በጊዜው ሃል የተተወውም በዚህ ነው። ለ2010ሩ እትም የኤንትዊስል ባስ ከሊድሱ ቴፕ ተወስዶ እዚያ ላይ ተገጠመ። ሁለቱን ምሽቶች እያነጻጸራችሁ ስታዳምጡ በእነዚያ አራት ዘፈኖች ባሱን አትፍረዱበት፤ ልዩነቱን ከጊታሩና ከድራሙ ፈልጉት።